የሱፍ ካልሲና የበጉ ቆዳ

የሱፍ ካልሲ እግርን የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው። የበግ ጠጉር በተፈጥሮው እጥፍጥፍ ያለ በመሆኑ ተፈትሎ ካልሲ ከሆነ በኋላም ተጣብቆ አይተኛም፤ በመካከሉ ብዙ ትንንሽ ክፍተት ይቀራል፣ እዚያ ውስጥ የታጎረው አየር ብርዱን ያግዳል። ሱፍን ለእግር ይበልጥ ተስማሚ የሚያደርገው ግን ከእርጥበት ጋር ያለው ጠባይ ነው። የክብደቱን 30 በመቶ የሚያህል እርጥበት አምቆ ይዞ እንኳ ሲነኩት እርጥብ አይመስልም። እግር ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጫማ ታፍኖ የሚውል፣ ብዙ የሚያልብ የሰውነት ክፍል ነው። የጥጥ ካልሲ ላቡን ይመጥና እዚያው ረጥቦ ይቀራል፤ የራሰ ቆዳ ከጫማ ጋር ሲፋተግ ውኃ ይቋጥራል፣ ብርድ ከሆነም እግር ይደነዝዛል። ሱፍ እርጥበቱን ወደ ውጭ እያሳለፈ ቆዳውን ስለሚያደርቀው ስስ ከሆነ በሙቀት ወቅትም ይለበሳል። ሽታን በመቋቋም በኩልም ከናይለንና ከፖሊስተር እጅግ ይሻላል፤ ተራራ ወጪዎችና የረጅም መንገድ ተጓዦች አንዱን ጥንድ ሳያጥቡ ለቀናት የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ያም ሆኖ ብዙ ሰው ሱፍ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው መኮስኮሱ ነው። ይህ የሚመጣው ከጠጉሩ ውፍረት ነው። የበግ ጠጉር የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር በዚህ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። የበግ ጠጉር ከ30 ማይክሮን በላይ ሲወፍር ጫፉ ቆዳ ሲነካ አይታጠፍም፤ ይወጋል። ቀጭኑ ገና ሲነካ ይለመጣል፣ ነርቭም አይቀሰቅስም። ከመቶ ዘለላ ጠጉር ውስጥ አምስት ያህሉ ወፍራም ከሆኑ አብዛኛው ሰው መኮስኮሱ ይሰማዋል። ሱፍ እንደማይስማማው የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የገጠመው እንዲህ ያለ ወፍራም ሱፍ ነው።

ከመንዝ በግ ጠጉር ባናና በርኖስ ሲሠራ የካልሲ ክር የማይወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ በግ ጠጉሩ ሻካራ፣ ከወፍራም ፀጉርም ጋር የተደባለቀ ነው። በእንዝርት ተፈትሎ ሲሸመን የደጋውን ውርጭ የሚመክት ልብስ ይወጣዋል፤ ለብርድ ልብስና ለምንጣፍም ይመረጣል። ለባዶ እግር ግን አይመችም። ለስላሳ ካልሲ የሚፈልግ ገበያ ከሞላ ጎደል ዓይኑን የጣለው በአንድ የበግ ዝርያ ላይ ነው፦ በሜሪኖ። የሜሪኖ ጠጉር በአብዛኛው ከ15 እስከ 24 ማይክሮን ባለው መካከል ይገኛል። ለካልሲ ከ20 ማይክሮን ብዙም የማይርቅ ሲሆን ይመረጣል፤ ከዚያ እጅግ የቀጠነው ለውስጥ ልብስና ለስካርፍ ያምራል እንጂ የተረከዝን ፍትጊያ ብዙ አይችልም።

ሜሪኖ የስፔን በግ ነው። በ1273 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ ‘ሜስታ’ ለተባለው የበግ አርቢዎች ማኅበር ከፍተኛ መብት ሰጠ፤ ማኅበሩም መንጋውን ክረምት ከበጋ ከአንዱ የአገሪቱ ጫፍ ወደ ሌላው እየነዳ ያሰማራ ነበር። የስፔን ነገሥታት የሜሪኖ በግ ከአገር እንዳይወጣ ለዘመናት ከልክለው ኖረዋል። ክልከላው የላላው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1765 ለሳክሶኒ መስፍን፣ በ1786 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 16ኛ መንጋ ተላከ። በ1797 ጥቂት ሜሪኖዎች ከደቡብ አፍሪካው የኬፕ ግዛት ተነሥተው አውስትራሊያ ገቡ። ናፖሊዮን በ1808 ስፔንን ሲወር ደግሞ የመኳንንቱ መንጋ ተበተነና ለሽያጭ ወጣ። በሊዝበን የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ዊልያም ጃርቪስ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ብዙ ሜሪኖዎች ገዛ፤ በ1811 የተወሰኑትን ቬርሞንት ወደምትባለው ትንሽ ተራራማ የአሜሪካ ግዛት ወሰዳቸው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቬርሞንት በበግ ተጥለቀለቀች። በ1840 ገደማ በግዛቲቱ 1.7 ሚሊዮን ያህል በግ ነበር፤ ለአንድ ነዋሪ ስድስት በግ መሆኑ ነው።

የቬርሞንት አርቢዎች አንድ ስሌት ነበራቸው። ጠጉር የሚበቅለው በቆዳ ላይ ነው፤ ቆዳው ከሰፋ ጠጉሩ ይበዛል። ስለዚህ ትውልድ በትውልድ ላይ ቆዳቸው የተሸበሸበውን እየመረጡ አራቡ፤ ከአንገት እስከ ጭራ በእጥፋት የተሸፈነ፣ ከባድና ቅባታም ሱፍ የሚሸለት በግ አወጡ። በ1880ዎቹ የአውስትራሊያ ባለመንጎች እነዚህን አውራዎች ውድ ዋጋ እየከፈሉ አስመጧቸው። ስሌቱ በቀዝቃዛዋ ቬርሞንት ሲሠራ ብዙ መዘዝ አልነበረውም። ሞቃታማ በሆነው የአውስትራሊያ ሜዳ ግን ሽብሽቡ ቆዳ ላብና ቆሻሻ የሚያቁር፣ በተለይ በጭራው ዙሪያ ሽንትና ፋንድያ ተጣብቆበት የማይደርቅ ሆነ። እንዲህ ያለውን እርጥብ ሥፍራ የምትወድ አንዲት አረንጓዴ ዝንብ አለች። እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፤ ብዙ ጊዜ ቀን ሳይሞላ ትሉ ይፈለፈልና የበጉን ቆዳና ሥጋ መብላት ይጀምራል። በጊዜ ያልተደረሰለት በግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሠቃይቶ ይሞታል።

በ1930 ገደማ የደቡብ አውስትራሊያው በግ አርቢ ጆን ሚውልስ ለዚህ አንድ መላ ዘየደ። በጠቦቱ ጭራ ዙሪያና ከኋላ እግሮቹ በላይ ያለውን የተሸበሸበ ቆዳ በመሸለቻ መቀስ ቆርጦ ማንሳት ነው። ቁስሉ ሲድን ጠጉር የማያበቅል፣ የተወጠረ ጠባሳ ይቀራል፤ እዚያ ላይ እርጥበት ስለማይቋጠር ዝንቧ አትመጣም። ሚውልሲንግ የተባለው ይህ አሠራር በመላ አውስትራሊያ ተስፋፋ። ጠቦቶቹ ጥቂት ሳምንታት ሲሞላቸው በብረት አልጋ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ይታሰራሉ፤ ጭራቸው በሚቆረጥበትና በሚኮላሹበት በዚያው ሰዓት ቆዳቸውም ይነሣል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያለ ምንም ማደንዘዣ ሲደረግ ነው የኖረው። ቁስሉ እስኪጠግ ሳምንታት ይፈጃል።

አርቢዎቹ ይህን የሚያደርጉት በጭካኔ ተነሳስተው ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሚውልሲንግ በእርግጥም የዝንቧን ጥቃት ይቀንሳል፤ በትል ተበልቶ መሞትም ከመቀሱ የሚሻል አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው በምርጫ ያመጣው ሽብሽብ ሰው በምርጫ ሊመልሰው የሚችል ነው። ጭራቸው አካባቢ ለጥ ያለ ቆዳና አነስተኛ ጠጉር ያላቸውን አውራዎች እየመረጡ ያራቡ አርቢዎች ከጥቂት ትውልድ በኋላ መቀሱን ጥለዋል። በዝንቧ ወቅት በኋላ በኩል ያለውን ጠጉር ቀድሞ መሸለት፣ ተቅማጥ የሚያመጣውን የሆድ ትል መቆጣጠር፣ መንጋውን ቶሎ ቶሎ እየዞሩ ማየትም ይረዳል። ችግሩ ጊዜና ጉልበት መጠየቁ ነው፤ በሺህ ለሚቆጠር መንጋ አንድ ሁለት እረኛ ብቻ ባለበት እርሻ ደግሞ ጉልበት ውድ ነው።

ነገሩ ከአርቢዎች አልፎ የሸማቾች ጉዳይ የሆነው በ2004 ፔታ የተባለው የእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት የአውስትራሊያን ሱፍ እንዳይገዙ በልብስ ሻጮች ላይ ዘመቻ ሲከፍት ነው። የአውስትራሊያ የሱፍ ኢንዱስትሪ እስከ 2010 ድረስ ሚውልሲንግን አቆማለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ በ2009 ቃሉን አጠፈ። ኒው ዚላንድ ግን ከጥቅምት 2018 ጀምሮ በሕግ ከለከለች። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት በ2020 የሕመም ማስታገሻ መስጠትን አስገድዳለች። በአገሪቱ አርቢው ሱፉን ለጨረታ ሲያቀርብ በጎቹ ሚውልሲንግ የተደረገባቸው መሆን አለመሆናቸውን፣ ከተደረገባቸውም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው እንደሆነ የሚያሳውቅበት ቅጽ አለ። ስለዚህ መረጃው ሱፉ ከእርሻ ሲወጣ አብሮት ሊወጣ ይችላል። የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ከብዙ እርሻ የመጣ ሱፍ አንድ ላይ ይታጠባል፣ አንድ ላይ ይፈተላል፤ ካልሲው ሱቅ ሲደርስ የየትኛው በግ ጠጉር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

የምስክር ወረቀቶች ዋና ሥራ ይህንን ክር ሳይበጠስ መያዝ ነው። በስፋት የሚታወቀው አርደብሊውኤስ የሚባለው የኃላፊነት ሱፍ ደረጃ ሲሆን፣ ቴክስታይል ኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት በ2016 አወጣው። ሚውልሲንግን ይከለክላል፤ ስለ መኖ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሸለታና ስለ ግጦሽ መሬት አያያዝ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ እርሻውን ብቻ ሳይሆን አጣቢውን፣ ፈታዩንና ሹራብ ሠሪውን ሁሉ በገለልተኛ መርማሪ ያስፈትሻል። ዜድኪው የሚባለው መለያ የኒው ዚላንድ ሜሪኖ ኩባንያ ነው፤ አርቢው ከልብስ አምራቹ ጋር በቀጥታ ውል እንዲገባ ስለሚያደርግ የሱፉ ምንጭ የሚደባለቅበት ዕድል አነስተኛ ነው። ጎትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኦርጋኒክ ጨርቃ ጨርቅ መለያ ደግሞ ከእርባታው አልፎ ማቅለሚያውንና ኬሚካሉን ይመለከታል፤ ‘ኦርጋኒክ’ ተብሎ እንዲጻፍ ከጨርቁ ቢያንስ 95 በመቶው፣ ‘ከኦርጋኒክ የተሠራ’ ለመባል ቢያንስ 70 በመቶው የተመሰከረለት መሆን አለበት። መለያው ላይ የመርማሪው ድርጅት ስምና የፈቃድ ቁጥር አብሮ ይታተማል፤ ቁጥሩን በድረ ገጹ ላይ አስገብቶ ማጣራት ይቻላል።

ከእነዚህ ውጭ ካልሲ ማሸጊያ ላይ የሚታተመው አብዛኛው ነገር ጌጥ ነው። ‘ከተፈጥሮ ጋር የተስማማ’፣ ‘በፍቅር ያደጉ በጎች’ እና የመሳሰለው ሊጣራ የሚችል ነገር አይናገርም፤ ተራራ ሥር ቆማ የምትስቅ በግ ሥዕልም እንዲሁ። ‘ሚውልሲንግ ያልተደረገበት’ የሚለው ከእነዚህ የተሻለ ተጨባጭ ነው፤ ግን የበጉን ኑሮ ሁሉ አይናገርም። በ2015 ፓታጎኒያ የተባለው የአሜሪካ ልብስ አምራች ሱፍ ከሚያቀርቡለት የአርጀንቲና እርሻዎች በአንዱ ጠቦቶች በጭካኔ ሲያዙ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣበት፤ ግዢውን አቋርጦ በቀጣዩ ዓመት አዲስ የሱፍ መመሪያ አወጣ። ሸለታም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሸላቾች በብዙ አገር የሚከፈላቸው በበግ ቁጥር ነው። ፍጥነት ገንዘብ በሆነበት ቦታ መቀሱ ቆዳ ይቆርጣል፣ በጉም ይጨነቃል፤ ጥሩ ሸላች ግን በጉን በጀርባው አስደግፎ ሳይደማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ወጥ ሱፍ አውልቆ ይለቀዋል። ሜሪኖን ጨርሶ አለመሸለት ደግ ነገር አይደለም፤ ጠጉሩ ሳያቋርጥ የሚያድግ ስለሆነ ከብዶት በሙቀት ይጎዳል።

ከእርሻው ወደ ካልሲው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የድብልቁ መጠን ነው። መቶ በመቶ ሱፍ የሆነ ካልሲ የተሻለ ይመስላል፤ ለአልጋ ካልሆነ በቀር ግን ዕድሜው አጭር ነው፣ ተረከዙ ላይ ቶሎ ይሳሳል። ለመራመጃ የሚሆን ጥሩ ካልሲ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 75 በመቶ ሜሪኖ፣ የቀረው ናይለን፣ ከዚያም ቅርጹን የሚይዝለት ጥቂት ላስቲክ ይኖረዋል። ናይለኑ ማጭበርበሪያ አይደለም፤ አጥንቱ ነው። መጠራጠር የሚገባው ማሸጊያው ላይ በትልቁ ‘ሱፍ’ ተብሎ ጀርባው ላይ 15 በመቶ ሱፍና 70 በመቶ አክሪሊክ ሲገኝ ነው። የአሜሪካ የሱፍ ምርቶች መለያ ሕግ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በራሱ ደንብ መጠኑ በመቶኛ እንዲጻፍ ያስገድዳሉ፤ ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ያለ ገዢ ጀርባውን ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። መለያ የሌለው ካልሲ ከሆነ አንዲት ክር መዝዞ ማቃጠል ይቻላል፦ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱም ሲርቀው ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ሲያሹት ይደቅቃል፤ አክሪሊክና ናይለን ይቀልጡና ጠጣር ጉብታ ይሆናሉ።

ቀጥሎ ካልሲውን ገልብጦ ማየት ነው። የካልሲ ጥራት የሚነበበው ከውስጥ ነው። መርገጫው ላይ እንደ ፎጣ የተደረደሩ ትንንሽ የክር ቀለበቶች ካሉ እግርን የሚያሳርፈው ትራስ እነሱ ናቸው፤ ጥቅጥቅ ብለው ከቆሙ ይበረክታሉ፣ ተራርቀው ከተኙ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይደፈጠጣሉ። በጣቶቹ ላይ የሚያልፈው ስፌት ጣት ሲዳስሰው መጎርበጥ የለበትም። ተረከዙ ኪስ ኖሮት የተሠራ መሆን አለበት፤ ኪስ የሌለው ቱቦ ካልሲ ጫማ ውስጥ ይዞራል፣ እጥፋቱም ያቆስላል። ባለ ሥዕል ካልሲ ከሆነ ከጀርባው የሚሻገሩት የቀለም ክሮች ርዝመት መታየት አለበት፤ ረጅም ከሆኑ የእግር ጥፍር ይይዛቸዋል። አፉ አካባቢ ያለው ላስቲክ እግር ላይ መስመር ጥሎ የሚቀር ከሆነ ጠብቋል፤ የስኳር ሕመም ወይም የእግር እብጠት ላለበት ሰው ላስቲኩ የላላ፣ ስፌቱም የለሰለሰ ያስፈልገዋል።

አሠራሩን በአንድ ቦታ ለማየት የሚፈልግ ወደ ቬርሞንት መመለስ ይችላል። በጎቹ እንኳ ቦታቸውን ለወተት ላሞች ከለቀቁ ቆይተዋል። በኖርዝፊልድ ከተማ ግን በ1978 የተቋቋመ የአንድ ቤተሰብ የካልሲ ፋብሪካ አለ። ለሌሎች ስም ሲሠራ ቆይቶ ሊዘጋ ሲቃረብ በ2004 ዳርን ታፍ በሚል የራሱ ስም የሜሪኖ ካልሲ ማምረት ጀመረ። ቀጫጭን መርፌዎች ባሉት ክብ ማሽን እጅግ የተጠጋጋ ሹራብ ይሠራል፤ ካልሲው ካለቀ ዕድሜ ልክ በአዲስ እንደሚተካም ዋስትና ይሰጣል። እንዲህ ያለ ካልሲ በአሜሪካ ገበያ ጥንዱ ከ20 ዶላር ከፍ ይላል፤ በጥቅል ከሚሸጡት ርካሽ ካልሲዎች ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው፣ በዓመት ውስጥ ተቀዶ ከሚጣለው ጋር ሲሰላ ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ማማርን በተመለከተ ሱፍ ትልቅ ብልጫ አለው፦ ቀለም ይጠጣል፣ የጠጣውንም በጥልቀት ይይዛል። ስለዚህ የወይን ጠጅ፣ የሰናፍጭ፣ የጥድ አረንጓዴ የመሳሰሉ ቀለሞች በሱፍ ላይ ከአክሪሊክ ይልቅ ርጋታ አላቸው። ሙሉ ልብስ ለሚለብስ ሰው ስስ፣ እስከ ባት የሚደርስ፣ ከሱሪው ቀለም ጠቆር ያለ ካልሲ ሲቀመጡ ቅልጥም አያሳይም። በኖርዌይ የሴልቡ አካባቢ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ወይም በሼትላንድ ደሴቶች ባለ ብዙ ቀለም ሹራብ አምሳያ የተሠራ ወፍራም ካልሲ ደግሞ ከቦት ጫማ በላይ ብቅ ሲል ነው የሚያምረው። ስስ ቆዳ ጫማ ውስጥ ወፍራም ካልሲ መጠቅጠቅ እግርን ከማሞቅ ይልቅ ደም ዝውውርን አግዶ ያቀዘቅዛል፤ ለወፍራም ካልሲ ጫማውም ሰፋ ብሎ መገዛት አለበት።

አንድ ነገር ይቀራል፤ በማሽን የሚታጠብ ሱፍ። የበግ ጠጉር በጥቃቅን ቅርፊት የተሸፈነ ነው። በሙቅ ውኃና በመሻሸት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና ካልሲው ለሕፃን እግር እስኪሆን ይኮማተራል። ይህን ለመከላከል ብዙው የሜሪኖ ክር ቅርፊቱ በክሎሪን ተበልቶ በላዩ ስስ ሙጫ ይቀባል። ለገዢው ምቹ ነው፤ ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ግን የክሎሪን ውህዶች ስላሉበት ውኃን ይበክላል። ጎትስ የክሎሪኑን ዘዴ ይከለክላል፤ አንዳንድ አምራቾችም በኦዞን ወይም በፕላዝማ የሚሠራ ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። ለበጉ የሚያስብ ሰው ስለ ወንዙም መጠየቁ አይቀርም፣ እዚህ ላይ ደግሞ ምርጫው የሚጠብ ይሆናል፤ በክሎሪን ያልታከመ ካልሲ ብዙውን ጊዜ በእጅ መታጠብን ይጠይቃል።

አስተጣጠቡ ራሱ ከባድ አይደለም። ካልሲው ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃና ለሱፍ በተዘጋጀ ሳሙና ይታጠባል፤ ለልብስ የሚሆኑት ብዙዎቹ ዱቄት ሳሙናዎች ፕሮቲን የሚያሟሟ ኢንዛይም አላቸው፣ ሱፍ ደግሞ ራሱ ፕሮቲን ነው። ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጨምቆ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ መግባት የለበትም። ብል የሚመጣው ላብና ቆዳ የቀረበት ሱፍ ላይ ነውና ክረምቱ ሲወጣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ነክቶት፣ በደንብ በሚዘጋ ከረጢት ይቀመጣል። ተረከዙ ወደ ብርሃን ሲያዙት ማሳየት ከጀመረ ቀዳዳ ሳይሆን በፊት በተመሳሳይ ውፍረት ባለው የሱፍ ክር፣ ሳይጠብቅ፣ ቁልቁልና አግድም እየተሻገረ ይወሰወሳል።